የእትዬ አስቴር ኅዳግ

ደራሲ የራሱን ሕይወት ሲጽፍ ደፋር የሚሆነው ለአንድ ኅትመት ብቻ ነው። መጽሐፉ ወጥቶ አክስቱ ስታኮርፍ፣ የድሮ አለቃው ሲደውል፣ ባለቤቱ እራት ላይ ዝም ስትለው፣ ሁለተኛው ኅትመት «ታርሞና ተሻሽሎ» ይመጣል። የታረመው ፊደል እንዳይመስላችሁ። እኔ እንግዲህ የደራስያንን ግለ ታሪክ የምሰበስበው ገና ስልክ ሳይደወልበት፣ በመጀመሪያው ኅትመት ነው፤ ያውም ደራሲው ፈርሞበት። ባለቤቴ በሽታ ትለዋለች። ለእንግዳ ስታስረዳ ግን «ጥናት» ይሆናል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ፣ አዲሱ ገበያ ወዳለው ቤታችን እትዬ አስቴር መጡ። ከቁስቋም በታች የሚኖሩ፣ ባለቤቴ በምትሄድበት ጸሎት ቤት ረጅም ዘመን የዘመሩ አሮጊት ናቸው። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል።

«ወንድሜ ሳሙኤል ያለበት መጽሐፍ አንተ ጋ አለ አሉኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «እኔ የገዛሁት ውስጥ የለም። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብዬ ልጄን ባስነብባት እሷም አጣችው።»

መጽሐፉን ዐወቅሁት። ደራሲው በወጣትነታቸው ስለታሰሩበት ጊዜ የጻፉት ነው። በመጀመሪያው ኅትመት ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ሳሙኤል የሚባል ተማሪ የጓደኞቹን ስም ለመርማሪዎች እንደሰጠ፣ ከተጠሩትም ሁለቱ እንዳልተመለሱ ትናገራለች። በሁለተኛው ኅትመት የለችም። ለሟቹ ለሳሙኤል አዝነው ይሁን ለራሳቸው ፈርተው፣ ደራሲውን አልጠየቅኋቸውም።

ጠፍቶብኛል ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ሽፋኑን ከመደርደሪያው ላይ ለይተውት በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። ምን ላድርግ? አነበብሁላቸው። ድምፄን ዝቅ ባደርግ ነገሩ የሚቀል ይመስል፣ በጣም ዝቅ አድርጌ።

«እሱን አውቃለሁ» አሉ ስጨርስ። «ተፈትቶ ሲመጣ ነግሮኛል። ከእኔ በቀር ለማንም ሳይናገር ነው የሞተው። እግሩን ግን ጽፈዋል?»

«የምን እግር?»

«ውስጥ እግሩን ገርፈውት፣ ቤት የገባው በጉልበቱ እየዳኸ ነው። እስኪሞት ድረስ ሽንት ቤት አዝዬ የምወስደው እኔ ነበርኩ። እሱ የለም?»

«የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ሰብሳቢ ያልሆናችሁ ይህ ምን እንደሆነ አይገባችሁም። በተፈረመበት የመጀመሪያ ኅትመት ላይ መጻፍ ማለት፣ በሙሽራ ቀሚስ ላይ ወጥ መድፋት ነው። ቢቸግረኝ እርሳስ አነሳሁ።

«በእስክሪብቶ» አሉ።

ከአንቀጹ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ እሳቸው እያሉ እኔ ጻፍሁ፦ «ስም የሰጠው እግሩን ገርፈው ከጨረሱት በኋላ ነው። እህቱ አስቴር ምስክር ነኝ።» መልሼ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብሁ። ደህና ነው አሉና እንደመጡ በዝናቡ ሄዱ። በጥቅምት ቀበርናቸው።

ሰብሳቢ ወዳጆቼ መጽሐፉን ገደልከው ይሉኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ደራሲው ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አንዳንዴ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። ስለ ኅዳጉ ልነግራቸው አስባለሁ። ነገር ግን እሳቸውም በከዘራ ነው የሚራመዱት። እግራቸውን ምን እንዳገኘው ጠይቄያቸው አላውቅም፤ በየትኛውም ኅትመት ላይ የለም።