ጸጥታ ወዳዱ ሊቀመንበር

ጸጥታ የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዝም የሚለውን ሳይሆን ዝም በሉ የሚለውን ማለቴ ነው። በደርግ ጊዜ አምቦ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ገበያ ሲንጫጫ አብዮቱ የተሰደበ ይመስለዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአፈሳ መኪና ሲመጣ ቀድሞ ያየው ሻጭ «ጎመን ረከሰ!» ይላል። ጎረቤቱ ይቀበለዋል፤ ቃሉ ከመደብ መደብ ይዘላል፤ ጎረምሳው ሁሉ ለጦር ግንባር ሳይታፈስ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ይወርዳል። ሊቀመንበሩ ቃሉን ባያውቅም ወሬ እንደሚያልፍ ጠርጥሮ፣ አንድ ቅዳሜ በሹክሹክታ ተገበያዩ ብሎ አዘዘ። እስቲ አሁን ዶሮ በሹክሹክታ ይሸጣል?

መኪናው ብቅ አለ። አጠገቤ ቅቤ የሚሸጡት አደ ጫልቱ አዩት። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ቀረ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ መጀመሪያ የተነፈሰ ይያዛላ! እኔም የምሸጠውን ጨው ታቅፌ ተለጎምኩ።

ያን ጊዜ አንድ አህያ አናፋ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያው «ጸጥታ!» ብሎ ጮኸ። አህያው ባሰበት፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። «ጸጥታ ብያለሁ!» በዚያ ሁካታ ማን ምን እንዳለ ማን ይለያል? ለፈራ ምላስ የምትበቃው ትንሽ ግፊያ ናት።

«ኦቦ ታደሰ፣ ጎመን ረከሰ!» አሉኝ አደ ጫልቱ።

ተቀብዬ ጮህኩ። መኪናው ሳይቆም ቃሉ ገበያውን አዳረሰ፤ ለአፋሾቹ የቀረላቸው ሽማግሌና አሮጊት ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊቀመንበሩ አህያ ገበያ እንዳይገባ ከለከለ። ይከልክላ! ማናፋት እኛን ያቅተናል?