ሥራ ፈቱ ዲስክ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ካለችበት ይህችን የተረፈችኝን ዕድሜ አልጨርሳት። ሽማግሌ በዕድሜው ሲምል መያዣው ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ ያለችኝ እሷው ናትና ተቀበሉኝ።

እኛ ሰዎች ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ነገር ስናይ ዓይናችን ይቀላል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያለው አባት የኛው ወገን ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር ደግሞ፣ ክፉው ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ ከሥራ ፈት አይለይም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ የሰርቨር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አለቃውም ምንዝሩም እኔው። ማሽኑ ስድስት ዲስክ አለው። አሠራሩን ሬይድ ይሉታል፤ እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ «ዕድር ነው» እለው ነበር። አምስቱ አንድ ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ ቢሞት የያዘውን መረጃ ከአራቱ አሰባስቦ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛ ከሞተ ግን ዕድሩ ፈረሰ፣ ሁሉም ጠፋ። ስድስተኛውን ተጠባባቂ አድርጌ ነበር ያስተካከልኩት። ምንም አይይዝም፤ ከአምስቱ አንዱ በሞተ ደቂቃ በራሱ ተነስቶ ይተካዋል።

በዚያ ማሽን ውስጥ የመምህርት ማርታ አራት ዓመት ነበር። ለዶክትሬቷ በየማለዳው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል እየወረደች፣ ዓሣ አጥማጆቹ «ዛሬም ልትለኪን መጣሽ?» እያሉ ሲያሾፉባት፣ የቆሮሶ ዓሣ ርዝመትና ክብደት ስትመዘግብ የኖረች ልጅ ናት። በሐይቁ ውስጥ ያልለካችው ዓሣ አለ ቢሉኝ አላምንም። ላፕቶፗን ሌባ ከወሰደባት ወዲህ ሌላ ቅጂ የላትም። «እኔ ጋ ካለ መንግሥተ ሰማያት ገባ በይው» አልኳት። እኔው ነኝ ያልኳት።

የዓመቱ ንብረት ቆጠራ መጣ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ መኮንን፣ ሐቀኛና ደረቅ ሰው፣ መዝገቡን ታቅፎ ማሽኑ ፊት ቆመ።

«ይሄ ስድስተኛው ምን ይሠራል?»

«ይጠብቃል።»

«ምን?»

«አንዱ እስኪሞት።»

«እንግዲያው ግምጃ ቤት ሆኖ ይጠብቃ፣ ጋሼ። ያልተሠራበት ንብረት ተመላሽ ነው።»

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ቀርቶኛል፤ ክሊራንሴ ላይ የሚፈርመው ደግሞ እሱ ነው። ተጠባባቂውን ከማሽኑ ሰረዝኩት። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ «አዎ» አልኩ። ዲስኩም ግምጃ ቤት ገብቶ ተቆለፈበት።

ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ዲስክ ሞተ። ማሽኑ ጩኸቱን ለቀቀው፤ ከታቦር ተራራ ማዶ ይሰማ ነበር። የመጠየቂያ ቅጹን ሞልቼ ብሮጥ ግምጃ ቤቱ ዝግ ነው። የአቶ መኮንን አጎት ይርጋለም ላይ አርፈዋል፤ ቁልፉም በአቶ መኮንን ኪስ አብሮ ሄዷል።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለቅሶ ሄደ፤ እኔም ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። በተነቃነቀ ቁጥር ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይንሿሿል። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ ሐዘንተኛን «አጎትህን ነፍስ ይማር፣ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ወዲህ በል» ይባላል? «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩና ንፍሮዬን ዘገንኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም ቀን አጽናናሁት። ማርታም ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ለሷም ትንፍሽ አላልኩም።

በአራተኛው ቀን አቶ መኮንን ከል ለብሶ ሥራ ገባ። በወጪ ሰነዱ ላይ ሦስት ሰው ፈረመ። ዲስኩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛ ዲስክ ሞቶ ቀይ መብራቱ በርቶ ጠበቀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለማርታ ነገርኳት።

«ሦስት ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ?»

«አውቅ ነበር።»

«አጠገቡ ተቀምጠው?»

«አጠገቡ።»

 ከዚያ «እኔም ብሆን አልጠይቀውም ነበር» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ማስመሪያዋን ይዛ አሞራ ገደል ወረደች፤ ከአንድ ብላ ልትጀምር።

እኔም ጡረታ ወጣሁ። አቶ መኮንን ክሊራንሴ ላይ «ምንም የጎደለ ንብረት የለም» ብሎ ፈረመልኝ።

እንግዲህ ምያለሁ፣ ዕድሜዬንም እፈልጋታለሁና፣ አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። ማርታ ያንን ቃል ብላዋለች። ሳቋን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ።