መስቀል ግዴታ ነው

አማርኛ ነገረኛ ናት። ዝም ብላ ቆማ ሰው ታጣላለች። እዚህ ዲላ ብዙዎቻችን ከቤት ይዘናት አልወጣንም፤ ገበያ ላይ ነው ያገኘናት። ለዚህ ይሆናል አንዳንዴ የምትበቀለን።

በሰፈራችን ትንሽ የእርዳታ ማህበር አለች። ያላት ነገር አንዲት ባጃጅ ናት። የኋላ ወንበሯን አስነቅለን ፍራሽ አስገባንባት። ከዳገት የሚወርድ በሽተኛና ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሆስፒታል ልታደርስ ነው። ሰብሳቢው አቶ በራሶ ናቸው፤ ጴንጤ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌ። ሐጂ ሸምሱ ባለ ሱቅ ናቸው፤ ቤንዚኑን እሳቸው ይችላሉ። እትዬ አስካለ ምግብ ቤት አላቸው፤ የማርያም ጠበልና የሰው ሚስጥር ከቤታቸው አይጠፋም። ሾፌሩም ጸሐፊውም እኔ ነኝ። ለምን ጸሐፊ ሆንክ ብትሉ፣ ትንሽ ስለምናገር ነው። የዝምተኛ ሰው ቃለ ጉባኤ አጭር ነው።

ባጃጇ ሥራ ልትጀምር ስትል ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። በስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «ማህበሩ ምልክት ሊኖረው ይገባል። በተሽከርካሪው ግራና ቀኝ መስቀል ግዴታ ነው። ይህ ሳይፈጸም መንቀሳቀስ ክልክል ነው።»

ሐጂ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «እኔ እዚህ የገባሁት በሽተኛ ልሸከም ነው እንጂ መስቀል ልሸከም አይደለም» አሉ።

አቶ በራሶም ቀጠሉ፤ አማርኛቸው ወንዱንና ሴቱን አይለይም። «እኛስ ብንሆን? መስቀሉ ልብ ውስጥ ነች እንጂ ባጃጅ ላይ አይደለችም!»

እትዬ አስካለ ብቻ ፊታቸው በራ። «እሰይ! ግን ግራና ቀኝ ብቻ? ከፊትስ ለምን ቀረ?»

የእርዳታ ምልክት ወገን የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ምልክቱ የለውም። ወገን ያለው የሚያየው ዓይን ነው።

ሌላ ምልክት ተፈልጎ መሥሪያ ቤቱ ይለመን ተባለ። ጨረቃ ሲባል እትዬ አስካለ አኮረፉ። ርግብ ሲባል ሐጂ ሳቁ፤ ርግቧ የአቶ በራሶ ጸሎት ቤት በር ላይ አለች። «እሺ ዛፍ ይሁን» አሉ ሐጂ። ዛፍ ማንን ያስቀይማል? አቶ በራሶን። አያቶቻቸው ከትልቅ ዛፍ ሥር ይለምኑ ነበርና፣ ከዚያ ለመውጣት ስንት ጾም ስንት ጸሎት እንደፈጀባቸው ነገሩን። በመጨረሻ እኔ ልብ ይሳል አልኩ። ሦስቱም ባንድ አፍ «ነውር ነው!» አሉ። በዚያ ሳምንት የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ባጃጇ ቆመች። የሐጂ ምራት ሙኒራ ደግሞ ወሯ ገብቶ ነበር። ቤቷ ዳገቱ ላይ ነው፤ መኪና አይደርስም፣ ባጃጅ ይደርሳል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂም ያውቃሉ። ግን ማን ቀድሞ እሺ ይበል?

አሁን ስለራሴ ትንሽ ልናገር። ትንሽ ብቻ።

ወጣት ሳለሁ ክፉ ዘመን ነበር፤ አልዘረዝረውም። ቡና መጋዘን ጆንያ እሸከም ነበር፤ ሥራው ሲቆም ሆዴም አብሮ ቆመ። በከተማው ዳር ሁለት የእርዳታ መጋዘኖች ነበሩ። የአንዱ በር ላይ መስቀል፣ የሌላው በር ላይ ጨረቃ ተስሏል። ማንም ሃይማኖትህ ምንድነው አላለኝም፤ እኔ ግን ይሉኛል ብዬ የሁለቱንም ጸሎት ሸመደድኩ። ስምም ሁለት አዘጋጀሁ። ረሃብ ግን ያደናግራል። ባለ መስቀሉ በር ላይ ቆሜ «ስም?» ስባል «ከድር» አልኩ። አበቃልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላም አላየችኝ። ከድር ብላ ጻፈች፣ ዱቄቱን ሰፈረችና «ቀጣይ!» አለች።

ያን ሁሉ ጸሎት በከንቱ አጥንቼ።

ዛሬም መስቀል የሚል ቃል ሳነብ ያ በር ነው የሚታየኝ። ሌላ ትርጉም አለው ብዬ አላስብም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ መንግሥት ሃይማኖት የለውም እየተባለ እንዴት መስቀል ታስገድዳላችሁ ስል ጸሐፊዋን ሳቅ አላናግር አላት።

«ጋሼ፣ ምልክታችሁን ስቀሉ ነው እኮ ያልነው! መስቀል! ማንጠልጠል! የፈለጋችሁትን!»

ሳምንት ሙሉ የተጣላነው በአንድ ግስ ነው።

ተመልሼ ስነግራቸው አቶ በራሶ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። «አንተ ጸሐፊ፣ መጀመሪያ ማንበብ ተማር» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን ምን እንስቀል? እንደገና ልንጀምር ስንል የሙኒራ ባል እየሮጠ ደረሰ። ምጥ ይዟታል።

«ግቡ! ምልክቷ ይቆየን!» አሉ አቶ በራሶ።

እኔ ነዳሁ። ሙኒራን ከዳገቱ አወረድናት፤ ሐጂና እትዬ አስካለ ከፍራሹ ጎንና ጎን ናቸው። አስፋልት ስንገባ ትራፊኩ ከሩቅ ታየ። ምልክት የሌላት የእርዳታ ባጃጅ እንደማያሳልፍ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሙኒራ ጮኸች። በመስታወቱ ሳይ ሐጂ የእትዬ አስካለን ነጠላ ከትከሻቸው መንጭቀው ወስደዋል። አንዱን ጫፍ በግራ አሰሩ፣ በጣሪያው ላይ አሳልፈው ሌላውን በቀኝ በእጃቸው ዘረጉት።

የነጠላው ጥለት መዳፍ የሚያክል መስቀል ነው።

«ሐጂ! ጥለቱን አይተውታል?» አሉ እትዬ አስካለ።

«መስቀል ግዴታ ነው ተብሏል» አሉ ሐጂ። «እኔ እየሰቀልኩ ነው።»

ትራፊኩ ነጩን ነገር ሲያይ መንገዱን ከፈተልን። ሆስፒታል በር ላይ ነርሷ ቀና ሳትል «ስም?» አለች። ሙኒራ አልን። ጻፈችና አስገባቻት። ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደ።

ምልክታችን ዛሬም አልተወሰነም። ነጠላዋ ግን እንደተሰቀለች ናት። ሐጂ በየጠዋቱ እየመጡ ጥለቱን ወደ ውስጥ ያጥፉታል። እኔ ፈጠን ስል ንፋሱ ይገልጠዋል። «ቀስ ብለህ ንዳ» ይሉኛል። በሽተኛ የጫንኩ ቀን ግን አይሉኝም።