የስልሳ ሜትሩ መመሪያ

ወንዝ ራሱን በራሱ መጠበቅ እንደማይችል በጥናት ከተረጋገጠ ወዲህ የወንዝ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች እንቅልፍ አጥተው ከረሙ። እርግጥ ወንዙ ማንም ሳይጠብቀው ስንትና ስንት ሺህ ዘመን ሲፈስ ኖሯል። ነገር ግን የፈሰሰው ያለ መመሪያ ነው፤ ይህ ደግሞ አሠራርን የተከተለ አልነበረም።

መመሪያውን የማርቀቅ ከባድ አደራ የወደቀው በኤክስፐርቱ ትከሻ ላይ ነው። ኤክስፐርቱ ሁለት ዲግሪ፣ አንድ መነጽርና በረንዳው ወደ ወንዙ የዞረ አዲስ ቤት ነበረው። ቤቱ እዚህ ላይ የተነሣው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ኖሮት አይደለም።

ዋናው ጥያቄ «ከወንዙ ዳር እስከ ስንት ሜትር ድረስ ቤት ይከልከል?» የሚል ነበር። የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ተገላበጠ፤ አንዱ ሠላሳ ይላል፣ አንዱ መቶ። ኤክስፐርቱ ግን በሰው ተሞክሮ የሚነዳ ሰው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜትር ይዞ ወረደና ከበረንዳው ደረጃ እስከ ወንዙ ዳር ለካ። ስልሳ ሁለት ሜትር መጣ። ሰኞ ጠዋት ሳይንስ ስልሳ ሜትር ላይ ደረሰ።

«ለምን ስልሳ?» አለ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በስብሰባው ላይ።

«የሥነ ምህዳሩ ሚዛን የሚጠበቀው በስልሳ ነው።»

«ስልሳ አምስት ብናደርገውስ?»

«ስልሳ አምስት እንኳ ማጋነን ይሆናል።»

ተጨበጨበ። ኤክስፐርቱም በጭብጨባው ሞቅ ብሎት ሁለት አንቀጾች ጨመረ። አንቀጽ ሰባት፦ «ልኬቱ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እንደገና ይወሰዳል።» አንቀጽ ስምንት፦ «ይህ መመሪያ ለማንም፣ በማናቸውም ምክንያት፣ ልዩነት አያደርግም።» ይህችን የመጨረሻዋን የጻፋት ጮክ ተብላ ስትነበብ ስለምታምር ብቻ ነው።

በመመሪያው መሠረት መጀመሪያ የሚነሡት የታችኛው ጎረቤቱ፣ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። ደብዳቤውን ራሱ ወስዶ ሰጣቸው።

«ጋሼ፣ ይህ የሆነው ለወንዙ ሲባል ነው።»

«ወንዙ ከሰሰኝ እንዴ?»

«አልከሰሰዎትም። ግን በቤትዎ ምክንያት ነፃነቱን አጥቷል። ከዳሩ ስልሳ ሜትር መራቅ አለብዎት።»

ሽማግሌው በበትራቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። «የቱ ዳር? የዘንድሮው ነው የአምናው? እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ዳሩ ያ ማዶ የሚታይህ ቋጥኝ ሥር ነበር። ይሄ እኮ ልጄ፣ በገመድ ያሰርከው ወይፈን አይደለም።»

ኤክስፐርቱ ይህን «የግንዛቤ ማነስ» ከሚለው ርዕስ ሥር መዘገበው። ሽማግሌው መረባቸውን ጠቅልለው ኮረብታው ላይ ወጡ።

ቀጥሎ የክልከላውን ወሰን የሚያሳዩ አርባ የኮንክሪት ምሰሶዎች አስፈለጉ። ኮንክሪት ደግሞ ያለ አሸዋ አይሆንም። ከወንዙ አሸዋ ማውጣት በአንቀጽ አራት ክልክል ነው። ነገሩ ለሦስት ሳምንት ሥራ አስፈታ። በመጨረሻ ኤክስፐርቱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ገላገላቸው፦ «ወንዙን ለመጠበቅ ሲባል ከወንዙ የተወሰደ አሸዋ ከወንዙ እንደተወሰደ አይቆጠርም።»

መኪና የሚገባበት መንገድ ያለው በእሱ ቤት በኩል ብቻ ስለነበረ፣ ቁፋሮው የተጀመረው ከበረንዳው ትይዩ ነው።

«እዚህ ጋ ሥሩን ከቦረቦርነው ዳሩ ይናዳል» አለች ቦታውን ልትለካ የመጣችው ቀያሽ።

«አንቺ ቀያሽ ነሽ ነቢይ?» አለ ኤክስፐርቱ።

«ዲፕሎማዬስ የቅየሳ ነው።»

«እንግዲያው ቀይሺ!»

ቀየሰች። ምሰሶዎቹ ቆሙ፤ ሪባን ተቆረጠ። ኤክስፐርቱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ከዛሬ ጀምሮ ወንዛችን ያለ አንዳች ከልካይ በነፃነት ይፈሳል!» ሲል ተናገረ። ከታዳሚው መካከል ንግግሩን ከልቡ የተቀበለው ወንዙ ብቻ ነበር። በዚያው ክረምት ያለ አንዳች ከልካይ ፈሰሰ። ዳሩን ገመሰው፤ ዳር ላይ ተርፈው የቀሩ ሦስት ምሰሶዎችንም ይዞ ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በአንቀጽ ሰባት መሠረት፣ ቀያሿ ሜትሯን ይዛ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ተገኘች። የኤክስፐርቱ ሚስት ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ስንት መጣ?» አለ ኤክስፐርቱ።

«አርባ ዘጠኝ።»

«ሜትሩ ረግቧል፤ ሳቢው እስቲ።»

«ከሳብኩት አርባ ስምንት ነው የሚሆነው።»

«እሺ ተይው፣ አትሳቢው!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደ እውነቱ ከሆነ እኮ የሥነ ምህዳሩ ሚዛን በአርባም...»

ቀያሿ ከቦርሳዋ መመሪያውን አወጣችና አንቀጽ ስምንትን ጮክ ብላ አነበበች። እውነትም ታምራለች።

አዲሱ ምሰሶ የሚቆመው ስልሳ ሜትሩ ካለቀበት ላይ ነው። ሜትሩ ደረጃውን ወጣ፣ ሳሎኑን አቋረጠ፣ መኝታ ቤት ገባ፤ አልጋው ጋ ሲደርስ አለቀ።

«በአንተ በኩል ነው» አለች ሚስቱ፣ ከበሩ ሆና እያየች። «ያኔ ቅዳሜ ሜትር ይዘህ ስትወርድ፣ እኔ ደግሞ ለአጥር መስሎኝ!»

ኤክስፐርቱ ወደ ኃላፊው ሮጠ። ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። «ታድለሃል! ራሱ ባረቀቀው መመሪያ የተነሣ የመጀመሪያው ባለሙያ ነህ። አርአያነትህ በሪፖርት ይገባል።»

ደብዳቤ የማዘጋጀት ሥራው የራሱ ስለነበረ ቁጭ ብሎ ለራሱ ጻፈ። «በቤትዎ ምክንያት ወንዙ ነፃነቱን ስላጣ...» ከሚለው ሲደርስ «ወንዙ ከሰሰኝ እንዴ?» የሚለው የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለው፤ ብቻውን ሳቀ። በሰጪነት ፈረመ፤ በተቀባይነትም ፈረመ።

ዕቃ በሚጫንበት ቀን ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ከኮረብታው ወርደው መጡ፤ ሳይጠየቁ የአልጋውን አንድ እግር ያዙ።

«አይዞህ ልጄ። እዚያ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ፣ ባዶ ቦታ አለ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ ኤክስፐርቱ፤ እጁም ሳያስበው ኪሱ ውስጥ ሜትሩን ፈለገ። «ከወንዙ ስንት ሜትር ይርቃል?»

ሽማግሌው አልጋውን መሬት አስቀመጡና ትክ ብለው አዩት።

«ዘንድሮ?»