የአራስ ዘበኛዋ እትዬ ማንጠግቦሽ

አንዲት ሴት ስትወልድ ከሕፃኑ ጋር አንዲት አሮጊትም አብራ ትመጣለች። በየሰፈሩ አለች። አራስ እንዴት መተኛት እንዳለባት አሳምራ ታውቃለች፤ የማትችለው ማስተኛት ብቻ ነው።

የእኔዋ ክብርት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ የመንደራችን የአምበር አራሶች የበላይ ጠባቂ። አራስ ብቻዋን አትተውም ብለው፣ ባለቤቴ አምሳሉ እርሻ ሲወርድ ጠብቀው ይመጣሉ። ልጄ ሶልያና ስታለቅስ አድራ ገና ጸጥ ስትል፣ የእኔም ዓይን ሊከደን ሲል በሩ ይንኳኳል። ገብተው ትከሻዬን ይነቀንቁኛል።

«ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«አይ፣ እትዬ።»

«ተኚ እንጂ ልጄ! ካልተኛሽ ጡትሽ ይደርቃል» ይሉና፣ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ስለ እንቅልፍ ጥቅም እስከ ምሳ ያስረዱኛል።

የብረት ቁጥጥርም አለ። ክፉ ነገር እንዳይጠጋኝ ከትራሴ ሥር ቢላዋ ተቀምጧል። መኖሩን ለማየት ጭንቅላቴን እንደ ዱባ ያነሡታል፤ በቀን ሦስቴ። «አለ፣ ተመስገን» ብለው መልሰው ያስቀምጡኛል።

በአርባኛው ቀን ሳቄ አለቀ። ልጅቷ ተኝታም ለቅሶዋ ይሰማኛል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እትዬ፣ አስቀምጫት ወጥቼ ብቀር እላለሁ። አንዳንዴማ ከዚህም የባሰ ይመጣብኛል።»

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ከትራሴ ሥር ሰደው ቢላዋውን አወጡና በጨርቅ ጠቅልለው ከመቀነታቸው ሻጡት።

«ታረቀኝን የወለድሁ ጊዜ እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ለሰው አልነገርሁም። ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። አሁን ልጅቷን ወዲህ በይ።»

ሶልያናን ታቅፈው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ድምፃቸው ይሰማኛል፤ «አራሷ ተኝታለች፣ ሂዱ!» የነፍስ አባታችን ቄስ አምደሚካኤል ሳይቀሩ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣውን አላውቅም።

ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ክብርት እትዬ ከራስጌዬ ጎንበስ ብለዋል።

«ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አሁን በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ እመላለሳለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንቅልፍሽን ጠብቂ ብላኛለች፤ ይህንኑ እንዳልረሳ እትዬ በየቀኑ ቀስቅሰው ያስታውሱኛል። ትናንት ግን ለቅሶ ሄደው ቀሩ። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ልጅቷም ተኛች። እኔ በሩ እስኪንኳኳ ስጠብቅ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ዋለ።