የባለ ካባው ጉሬዛ ደራሲ

ጉሬዛን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ጅማን አላያችሁም። ከሰቃ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ ከቡናው ጥላ ዛፍ ላይ፣ ነጭ ካባ እንደደረበ ሹም ተኮፍሶ ቁልቁል ያያችኋል። ሳታስቡት ባርኔጣችሁን ልታነሡለት ይቃጣችኋል። እኔ አንድ ቀን አንስቼለታለሁ፤ ለማንም አትንገሩብኝ።

መምህርት ጥሩወርቅም ያዩት ይህንኑ ጉሬዛ ነው። ልዩነታችን፣ እኔ ባርኔጣ አነሣሁ፤ እሳቸው ብዕር አነሡ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። እኔ ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ በታይፕ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ድንበሬ ተገፋ፣ በሬዬ ተነዳ፣ ሚስቴ ኮበለለች፤ ስጽፍ የምውለው የሰው እሮሮ ነው። እሳቸው ደግሞ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው። አንድ ቀን ደብተር አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «ይህን በታይፕ ጻፍልኝ» አሉ።

«ተከሳሹ ማን ነው?» አልኳቸው።

«ጉሬዛ» አሉ።

የልጆች ተረት ነበር። ሎሚ የምትባል ልጅ ቡና ስትለቅም ዛፍ ላይ ትወጣና ከቅጠሉ በላይ የጉሬዛዎች ከተማ ታገኛለች። ገበያ አላቸው፤ ዝናብ በቅርጫት ይሸጣል። ባለ ካባው ሹማቸው ግን ጭራ የሌለው ሁሉ አፉን እንዳይከፍት አዟል። ልጅቱ ጭራ ከየት ታምጣ? እኔ ባለ ሪዙ ሰውዬ ምሳዬን ረስቼ ጻፍኩት። ባለጉዳዮች ተሰልፈው ሲቆጡኝ፣ «ቆዩ እስቲ፣ ልጅቷ ዛፍ ላይ ናት!» አልኳቸው።

ምን አስጻፈዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ክፍል ገብተው በአማርኛ ሲጠየቁ ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬት እንደሚያዩ ነገሩኝ። «ሲስቁ ልስማቸው ብዬ ነው» አሉ። 

መጽሐፍ ለማሳተም ግን አዲስ አበባ ሄዶ ማስመርመር ያስፈልጋል። ሄዱ። መርማሪው ሹም ገጹን እየገለጡ፣ ይኼ ካባ የለበሰው ጉሬዛ ማንን ለመንካት ነው አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ካባውን ያለበሰው እግዜር ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

ካባውን አውልቂለት፣ ወይም ዝንጀሮ አድርጊው ተባሉ። እምቢ አሉ። የጊቤን ቁልቁለት በአውቶቡስ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስት ጊዜም ያንኑ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። እኔ ደከመኝ። ጉሬዛው ራሱ ቢጠየቅ እኮ አውልቆ ይሰጣቸው ነበር! እሳቸው ግን፣ «ካላተሙት እኛ እናባዛዋለን» አሉኝ።

«እኛ ማን ነን?»

«አንተና እኔ ነና!»

በካርቦን እየደረብኩ ጻፍኩ። የመጨረሻው ቅጂ እንደ ጭጋግ ነው፤ የሚነበበው በግምት ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከማል ገበያ ሲወጡ መምህርትን ይዘዋቸው ይሄዱ ጀመር፤ ቅዳሜ ሰቃ፣ ሌላ ቀን አሰንዳቦ። እሳቸው በአማርኛ ያነባሉ፣ ሐጂ በኦሮምኛ ይመልሱታል። መመለስ ብቻ ቢሆን ጥሩ! ሐጂ ይጨምሩበታል። በመምህርት ድርሰት ውስጥ ፍየል የለችም፤ በሐጂው ግን ካባውን የምትበላ ፍየል ገባች። መምህርት ተቆጡ። «ወላሂ፣ ልጆቹ ናቸው የጠየቁኝ» አሉ ሐጂ። እውነትም ልጆቹ በሳቅ ይንከባለሉ ነበር። መምህርት ለሦስት ቀን አኮረፉና በአራተኛው ፍየሏን ጽፈው አመጡልኝ።

ወሬ እግር አለው፤ ከትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጆሮ ደረሰ። ያልተመረመረ ጽሑፍ ማሰራጨት እንጀራ እንደሚያሳጣ ነገሯቸውና ቅጂዎቹ ተሰብስበው እንዲመጡ አዘዙ። መምህርት ዞረው ሰበሰቡ። ሲያስረክቡ ዲሬክተሩ፣ ይኸው ብቻ ነው ወይ አሏቸው።

«ወረቀቱ ይኸው ብቻ ነው» አሉ። ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታላ!

ወር ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር መጡ። ሁለተኛ ክፍል ገብተው፣ እስቲ አንድ ነገር በአማርኛ ንገሩኝ አሉ። ከንፈራቸውን ከሚነክሱት ልጆች አንዷ የነበረች ዘይነባ ተነሥታ ጉሬዛውን አንድ ሳታስቀር አወረደችላቸው። አንዷ ስታቆም ሌላው ይቀጥላል፤ ሲሳሳት «አከስ ሚቲ! እንደሱ አይደለም!» እያሉ ከየወንበሩ ያርሙታል። ዲሬክተሩን ላብ አጠመቃቸው። ኢንስፔክተሩ ግን እንባ አቀረሩ። «ይህ ከጥንት የወረደ ተረት ነው አይደል?» አሉ። ዲሬክተሩም ነፍሳቸውን ለማዳን፣ «እጅግ የጥንት ነው ጌታዬ» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ከልጆቹ አፍ ጽፈው ወስደውት ኖሮ፣ በዓመቱ ታትሞ መጣ። ካባው እንዳለ፣ ፍየሏም እንዳለች። ያ መርማሪ ሹም ራሱ ነው አሉ ያሳለፈው፤ የአባቶች ተረት እንዴት ይነካል? በሽፋኑ ላይ «ከሕዝብ አፍ የተሰበሰበ፤ ደራሲው አይታወቅም» ይላል።

እኔ ደሜ ፈላ፤ ነገር ሥራዬ ነውና የክስ ማመልከቻ ጀመርኩ። መምህርት መጽሐፉን አገላብጠው አዩት። ስማቸው ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።  «ሲከለክሉኝ የእኔ ነበር፤ የፈቀዱት ጊዜ አጣሁት» አሉና ክሱን ከታይፑ ነቅለው አዲስ ደብተር ከቦርሳቸው አወጡ። ሁለተኛው ድርሰት ነው።

«መጀመሪያ ሽፋኑን» አሉኝ። «ጻፍ። ጥሩወርቅ። የአባቴን ስም። የአያቴን ስም። የቅድመ አያቴን ስም። የሁለተኛ ክፍል መምህርት። መኖሪያዋ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በሩ አረንጓዴ።»

ጻፍኩ። ወረቀቱ ሞላ።

«የመጽሐፉ ርዕስስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቦታ ከተረፈ ከሥር ጣል አድርገው።»