የናሲሚዩ ቁልፎች

ትናንት ጠዋት ወደ መሀል ናይሮቢ የሚሄድ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ወንበር ስፈልግ፣ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ የዘረጋች ሴት "ሙቲንዳ! ና እዚህ!" ብላ ጮኸች። አለቀልኝ አልኩ። የቢሯችን ክብርት አርክቴክት ናሲሚዩ ነበረች።

አንድ እሷን የመሰለ ሰው የሌለበት የሕንፃ ንድፍ ቢሮ በምድር ላይ የለም። ኮድ መጻፍ አትችልም፤ ግን አንድ ሥራ ሁለቴ በእጅ ሲሠራ ካየች ያማታል። "ጣትህን አታድክም፣ ቁልፍ ልሥራለት!" ትላለች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሣጥን ከሣጥን በመስመር ታያይዛለች፤ ያያያዘችው ነገር መንደፊያው ሶፍትዌር ላይ የሚጫኑት አዲስ ቁልፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። በር የሚቆጥር አላት። ደረጃ የሚለካ አላት። ለክፍሎች ስም የሚያወጣው ደግሞ የሊፍቱን ጉድጓድ "የስብሰባ አዳራሽ" ብሎት አረፈ። "ስብሰባ ያሳጥራል" አለች እንጂ አልደነገጠችም። እኔማ በኮሪደር ስትመጣ ካየሁ ስልክ የማናግር እመስላለሁ።

"ምነው ፊትህ?"

"የምነድፈው ክሊኒክ ነዋ! ማዘጋጃ ቤቱ 'ብርሃን የማይበቃው ክፍል አለ' ብሎ መለሰው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ዛሬም ከመለሰው የክሊኒኩ ባለቤት ሥራውን ለሌላ ትሰጣለች። አንድ በአንድ ብለካ ብለካ..."

"አንድ በአንድ? በእጅህ? አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን አትፈራም? ፍላሽህን አምጣ!"

መንገዱ ተዘጋግቷል። እሷ መስኮቱ ለወለሉ ይበቃ እንደሆነ የሚፈትሹ ሣጥኖቿን መደርደር ጀመረች። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ።

"ማማ፣ ለእኛም መንገድ የሚከፍት ቁልፍ ሥሪልን!" አለ ረዳቱ።

"ተራህን ጠብቅ!"

ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ ክሊኒኩ በሙሉ ቀላ! ቁልፉ ለመድኃኒት መጋዘኑ ስታዲየም የሚያክል መስኮት ጠየቀ።

"ኧረ መስኮቱ ከክሊኒኩ በለጠ!" አልኩ።

ናሲሚዩ ግንባሯን መታች። "ወለሉን በሚሊሜትር፣ መስኮቱን በሜትር!" ሳቋ ሾፌሩን ዞር አሰኘው። አንድ መስመር ነቅላ ሌላ ጋ ሰካችና እንደገና ተጫነች። ሁሉም አረንጓዴ፤ አንድ ብቻ ቀይ፦ ማዋለጃ ክፍሉ። ባለፈው ሳምንት አካፋይ ግድግዳ ስጨምር፣ መስኮቱ በዕቃ ቤቱ በኩል ቀርቶ ኖሯል።

"እናቶችን በጨለማ ልታዋልድ ነበር እኮ!"

ስክሪኑ ላይ ግድግዳውን ገፋሁት። አረንጓዴ! እልል ያለው ረዳቱ ነው፤ እኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አብራኝ ወረደች።

"አንቺም ጉዳይ አለሽ?"

"ምን ጉዳይ? የእኔ ፌርማታ ድሮ አለፈ። በል ሩጥ! ለመመለሻው ገና ቁልፍ አልሠራሁም፤ በእግሬ ነው።"